ጃርሶ አላቋረጠም

ጃርሶ በኬንያና በኢትዮጵያ ድንበር ላይ ባለው የጎልቦ ሜዳ ግመል አርቢ ነው። በፈረንጆቹ 2006 ዓ.ም. የሳንባ ነቀርሳ ይዞት፣ ኬንያ ሞያሌ ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ መድኃኒት ጀመረ። ዝናብ ሲጠፋ ግን ግመሎቹን እየነዳ ወደ ኢትዮጵያ ይሻገራል፤ መድኃኒቱንም እዚያው ካለ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። አንድ ጊዜ ሲመለስ በክሊኒኩ መዝገብ ከስሙ ጎን "አቋረጠ" ተብሎ ተጽፏል። የማዶውን ካርድ ቢያሳይም ከመጀመሪያው እንዲጀምር ታዘዘ።

ቃሉን የጻፈችው መዝገብ ያዧ ኑርሀን ነበረች። በገዛ እጇ መጻፏ አንገበገባት።

የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ታፈሰ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር እንድታስገባ ሲያዟት፣ ሳይበር ካፌ ካሳተመቻቸው ገጾች ፒኤችፒ የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መማር ያዘች። ሦስት ሳምንት ታገለች። አንዲት ምልክት ከጎደለች ገጹ ባዶ ይሆናል፤ ጄኔሬተሩ ሲቆም ያልተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። አንድ ቀን ገጹን ስትከፍተው ዳታቤዙ፣ የኮምፒውተሩ መዝገብ፣ ተፈጠረ። በአንደኛው ሰንጠረዥ ታማሚው፣ በሁለተኛው መድኃኒት የወሰደበት ቀንና ቦታ፤ ሁለቱን የሚያያይዛቸው የታማሚው ቁጥር ነው። የጃርሶን የሁለቱንም አገር ካርድ አስገባች። ጃርሶ አንድም ሳምንት አላጓደለም።

አቶ ታፈሰ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። እሳቸውም ድሮ ከኢትዮጵያ በስደት የተሻገሩ ናቸው፤ ስማቸው የሰፈረበት ወረቀት ይፈራሉ። ለክሊኒኩ ገንዘብ የሚሰጡት እርዳታ ሰጪዎች የሚቆጥሩት በዚህ ወገን የተወሰደውን መድኃኒት ብቻ ስለሆነ፣ የማዶውን ካዩ ጣጣ ይመጣል አሏት። ሁለተኛውን ሰንጠረዥ አጥፊው ብለው አዘዟት።

"አላጠፋም፣ ጋሼ።"

"ኃላፊው እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው በጽሑፍ ይስጡኝ። 'ጃርሶ መድኃኒቱን ወስዷል፤ አንቺ ግን አልወሰደም በዪ' ብለው ይጻፉና ይፈርሙበት።"

እስክሪብቶ አነሱ። ከእንጀራሽ ትፈናቀያለሽ አሏት። አውቃለሁ አለች፤ ከወንበሯም አልተነሳችም። እስክሪብቶውን መልሰው አስቀመጡት።

በዚያው ሳምንት የክሊኒኩ ሐኪም ኑርሀን ያሳተመችውን የጃርሶን ገጽ አይቶ አክታውን አስመረመረ። ንጹሕ ሆነ፤ እንደ አዲስ መጀመሩም ቀረ። ኑርሀን ቀጥላ "አቋረጡ" የተባሉትን ሌሎች እያስጠራች ካርዳቸውን መልቀም ጀመረች። እንደ ጃርሶ ማዶ ሆኖ መድኃኒቱን ሲወስድ የቆየ አርባ አንድ ሰው ተገኘ።

ዓመቱ ሲያልቅ ውሏ አልታደሰም። ሥራዋን ስታስረክብ አቶ ታፈሰ የይለፍ ቃሉን ጠየቋት። ጽፋ ሰጠቻቸው። ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚጠፋ ግን አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።