ከወንበሩ እስከ አልጋው

መጀመሪያ የተሰማት ማንኮራፋቱ ነው። ዘንቢሏን በአንድ እጇ እንዳንጠለጠለች ከበሩ ውጭ ቆማ አዳመጠች። እንደ መጋዝ ሲገዘግዝ ቆየና ጭጭ አለ። እሷም ትንፋሿን ያዘች። አስር ቆጠረች፣ አስራ አምስት። ከጉድጓድ እንደወጣ ሰው አየሩን ሲጎትት ስትሰማ ነው ቁልፉን ያዞረችው።

ባሏ ሳሎን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ተኝቷል። ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ሲያስፈጭ የሳበው አቧራ ሳንባውን አደረቀው፤ ሲነቃ ያስለዋል፣ ሲተኛ ትንፋሹ ይቋረጣል። “አንቺ እንኳ ተኚበት” ብሎ አልጋውን ከለቀቀላት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። እሷ ግን እንቅልፍ ያጣችው ያኔ ነው። እጇን ስትዘረጋ የምታገኘው ቀዝቃዛ አንሶላ ሆነ።

ሐኪሙ ሲተኛ አየር የሚገፋለት ማሽን ከነማስኩ ሰጥቷቸዋል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከካርቶኑ አልወጣም። ነገሩ ወዲህ ነው። ድንጋይ በሚፈጭበት ክሬሸር ላይ የአቧራ ማስክ የማያወልቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እንደ ሙሽራ ፊቱን ተሸፋፍኖ ስለሚውል “ሙሽራው” የሚል ስም ወጣለት። ስም አውጪው የፈረቃው አለቃ፣ የእሷው ባል ነበር። ሌሎቹ ማስክ የሚያጠልቁት ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነው፤ መኪናው ዞር ሲል አንገታቸው ላይ ይወርዳል። ታዲያ አሁን በስተርጅና ማን ይሞሸር?

ብትለምነው ብታባብለው እምቢ አለ። ቢጨንቃት በማግስቱ ሄዳ ሙሽራውን ራሱን ጠራችው።

ሙሽራው ደረጃውን ሳያለከልክ ወጣ። ባልየው ዓይኑን ገልጦ አየው።

“ልትስቅብኝ መጣህ?”

“ለመሳቅማ አራት ፎቅ አልወጣም።”

ካርቶኑን ከፈተና ማሽኑን አቅፎ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ባልየው እየተነጫነጨ ተከተለው። ድሮ በሚተኛበት በግድግዳው በኩል ጋደም ሲል ሴትዮዋ ትራሱን ከፍ አደረገችለት። ሙሽራው ማሰሪያውን ከማጅራቱ አጠበቀ፤ አፍንጫው ላይ ከጠበቀ ቆዳ እንደሚልጥ ነገራት።

ባልየው ማስኩን በጣቱ ፈቀቅ አደረገው።

“ያኔ ከብዶህ ነበር እንዴ?”

“ማስኩ? ማስኩስ ቀላል ነበር።”

ባልየው ማስኩን ራሱ መለሰው።

ብዙም አልቆየ፣ እንቅልፍ ወሰደው። ማንኮራፋት የለም። ዝምታው አስደንግጧት ደረቱን ብታይ፣ በእርጋታ ከፍ ዝቅ ይላል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና መዳፏን እጁ ላይ አኖረች።

ሙሽራው እግርጌ ቆሞ ያንን ስም አውጪ ማስክ አጥልቆ ተኝቶ አየው፤ አይቶ አይቶ አልጠግብ አለ። ሻይ ላፍላልህ አለችው። እሱ ግን ኮቱን አንስቶ ወጣ።