ከአልጋው አልወርድም

በደርግ ዘመን አዋሳ ውስጥ የአንድ ክሊኒክ ዘበኛ ነበርኩ። ታቢታ የምትባል ሴት ከቱላ በጋሪ ስትመጣ ደግፌ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ፅንስ ሲወርድባት ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። ሲስተር ጸሐይወርቅ ማህፀኗን ጠርጋ ስትጨርስ ታቢታ ዳግመኛ እንዳታረግዝ ሉፕ ማህፀኗ ውስጥ እንዲገባላት ጠየቀች። እኔ ከመጋረጃው ውጭ ቆሜ እሰማለሁ።

«ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሺ። ባልሽም ይፈርማል።»

«ባለፈውም ስድስት ሳምንት ብላችሁኝ ነበር። ስመለስ አርግዘሻል ተባልኩ። ዛሬ የወረደው እሱ ነው። ቤት አራት ልጆች አሉኝ፤ በሚቀጥለው ደሜ አልቆ እሞታለሁ። ከአልጋው አልወርድም።»

«ሌላ በሽተኛ እየጠበቀ ነው።»

«እንግዲያው ቶሎ አስገቢልኝ።»

ኋላ እንደነገረችኝ፣ ሲስተር ትኩሳቷን ለካች፤ ሆዷን ጫን ጫን አድርጋ አየች። የኢንፌክሽን ምልክት የሚሆን ትኩሳትም ሕመምም አላገኘችም።

«ለጤናሽ ከሆነ ዛሬም ይቻላል» አለች። «ስለ ፊርማው እኔ እጠየቅበታለሁ። አባባ፣ በሩን ይጠብቁልኝ» አለችኝ።

ባልየው ደበሌ ከቀበሌ ስብሰባ በቀጥታ መጣ።

«ክፈቱልኝ። እኔ ሳልፈርም ምንም እንዳያደርጓት።»

«የጠያቂ ሰዓት አሥር ሰዓት ነው» አልኩት።

«ገና ሰባት ሰዓት እኮ ነው። ባሏ ነኝ።»

«ለባልም አሥር ሰዓት ነው።»

ሊገፋኝ አሰበ። ዱላዬን አየና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

በአሥር ሰዓት በሩን ከፈትኩለት። ታቢታ ከአልጋው ወርዳ ጫማዋን እያሰረች ነበር።