ያልተዘጋው ስልክ

«አንቺ ቀጭኔ፣ በረንዳው ላይ አንዲት ሴትዮ ይፈልጉሻል» አለቻት የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ። «ስምሽን አያውቁም። ቀጭኔ የምትባለዋን ነርስ ነው የሚሉት።»

ነርሷ የመድኃኒት ጋሪዋን እንደያዘች ቆመች። ቀጭኔ የሚሏት የሥራ ባልደረቦቿ ብቻ ናቸው። ወረርሽኙ በበረታበት ጊዜ ሁሉም ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በነጭ ቱታ ተሸፍኖ ማን ማን እንደሆነ ስለማይለይ፣ ደረታቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈው ስማቸውን ይጽፉ ነበር። ለእሷ የጻፈችላት አለቃቸው ናት። ቱታው ቁርጭምጭሚቷ ጋ ሳይደርስ ያልቅባት ስለነበር «ቀጭኔ» ብላ ለጠፈችባት። ስሙም በዚያው ቀረ።

«ማን ነኝ አሉ?»

«የመምህሩ ባለቤት። የሰባት ቁጥር አልጋው።»

ነርሷ ክው አለች።

«ምነው፣ ሰርቀሽ የተያዝሽ መሰልሽ?»

«ጋሪውን ጠብቂልኝ።»

«እኔ መድኃኒት አላውቅ! ቆይተሽ ከመጣሽ ለሁሉም ቢጫውን ነው የማድለው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን የኮሪደሩን ግድግዳ እየዳበሰች ነው የሄደችው። ይህን ቀን ዓመት ከአራት ወር ስትፈራው ኖራለች።

ያኔ የየበሽተኛው ስልክ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ትራሱ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። መያዝ ላቃተው ነርሶቹ ደውለው ጆሮው ላይ ያደርጉለታል። ሁለት ጓንት ደርበው በፕላስቲክ ላይ ሲነኩት ስልኩ አንዴ ይታዘዛል፣ አንዴ ያኮርፋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህሩን ከባለቤታቸው ጋር አገናኘቻቸው። ሲጨርሱ ቀዩን ምልክት ነካችና ትራሱ ላይ አኖረችው። ቆይታ ስታየው ጠፍቷል። ለካ አልተዘጋም፤ ባትሪውን እስኪጨርስ ክፍት ነበር። ስልኩ ተወልውሎ፣ ከክፍሉ ወጥቶ፣ ተሞልቶ የተመለሰው በማግስቱ ጠዋት ነው። ሲበራ አሥራ አንድ ያመለጠ ጥሪ እንዳለ መልእክት ገባ። መምህሩ ግን በዚያን ሰዓት መናገር አቁመው ነበር፤ ስድስት ሰዓት ላይ ዐረፉ።

ሁለቱን ሰዎች የመጨረሻ ቃላቸውን የነፈግኳቸው እኔ ነኝ ብላ ታምናለች። ይህንንም ለማንም ተንፍሳ አታውቅም።

ሴትዮዋ አግዳሚው ላይ ከረጢት አቅፈው ተቀምጠዋል። ከእግሯ ጀምረው ወደ ላይ አዩዋት።

«እውነትም ቀጭኔ» አሉ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ነርሷ ሰላምታውን እንኳን ሳታስቀድም። «ያን ቀን ስልኩን አልዘጋሁትም ነበር። የዘጋሁ መስሎኝ …»

«ቁጭ በይ መጀመሪያ፣ አንገቴን ልትቀጭው ነው።» እስክትቀመጥ ጠበቁ። «አውቃለሁ፣ አልዘጋሽውም። እኔም አልዘጋሁትም።»

ነርሷ ዞራ አየቻቸው።

«ደህና ይዋሉ ብለሽኝ ስታስቀምጪው ድምፅሽ አልጠፋም። አልተዘጋም እኮ ልልሽ አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ገጠምኩት። እቤት አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሃምሳ ደቂቃ ሰረቅኳችሁ። ‹በሆድዎ ይተኙ ስልዎ ይተኙ፣ እርስዎ ተማሪ ሆነው አያውቁም?› ስትይው ሰማሁ። ጓደኞችሽ ‹ቀጭኔ› ብለው ሲጠሩሽ፣ ስለ ጫማሽ ስታወሪለትም ሰማሁ።»

«ስለ ጫማዬ!»

«የሴት አርባ ሁለት ቁጥር ጠፍቶ የወንድምሽን እንደምታደርጊ።»

ነርሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እኔ ብዘጋው ማታ እናወራ ነበር፤ ለዚህ ራሴን ብዙ ጊዜ ተቆጥቻለሁ። ግን ብናወራ ምን ይለኛል? ደህና ነኝ ይለኛል፣ እንደ ሁልጊዜው። ያን ቀን ግን ሰው አጠገቡ እንዳለ በጆሮዬ ሰማሁ። ስለዚህ እግዜር ይስጥሽ ልልሽ መጣሁ። ዘገየሁ፤ እዚህ ግቢ መግባት አልሆንልኝ ብሎ ነው።»

የከረጢቱን ቁልፍ ከፈቱ፣ ዘጉ።

«አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። መጨረሻ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ነበር። ከዚያ እሱ የሆነ ነገር አለ፤ ጭምብሉ አፍኖት አልሰማሁትም። አንቺ ከት ብለሽ ሳቅሽ። ወዲያው ስልኩ ጠፋ። ምን ብሎሽ ነው?»

ነርሷ ደነገጠች። በዚያ ሰሞን የስንቱን ቃል ሰምታለች። አንድ የሚያምር ነገር ፈጥራ ብትነግራቸው ማንም አያውቅባትም፤ ግን አልቻለችም። ዓይኗን ጨፍና ከእጃቸው ጀመረች።

«ጣታቸው ላይ የምንሰካው የኦክስጅን መለኪያ አላነብ አለኝ። ጥፍራቸው ረዝሞ ነበር። መቁረጫ አመጣሁ …» ዓይኗን ገለጠች። «አውራ ጣታቸው ላይ ስደርስ እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ‹ቀስ በይ› አሉኝ። ‹ይሄ ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት የቆረጠችው ጥፍር ነው። አበላሽተሽ ብትልኪኝ ሁለታችንንም አትምረንም።›»

ሴትዮዋ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ።

«የግራውን ነው?»

«የግራውን።»

«በር ጨፍልቆት ነበር። እኔም ስነካው እንደዚያው ነው የሚያደርገኝ።» ከረጢቱን ጭኗ ላይ አኖሩላት። «በይ ለኪው። ጫማ ሰፊው የሴት አይመስልም ብሎ ተከራክሮኝ ነበር።»

ጥቁር፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ የሴት ጫማ ነው። አርባ ሁለት ቁጥር። ልክ ሆናት። አመሰግናለሁ ለማለት ስትታገል ከኮሪደሩ ጩኸት መጣ።

«አንቺ ቀጭኔ! ቢጫውን ልጀምር?»

«ሂጂ፣ ሰው ሳትጨርስብሽ» አሉ ሴትዮዋ፤ ተነሥተውም ግንባሯን ሳሟት። ለመሳም አጎንብሳላቸው ነበር።

ነርሷ የወንድሟን ጫማ በከረጢቱ ከትታ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ስድስት ቁጥር ላይ የተኙት አዛውንት ክኒናቸውን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸውን ያዘችና አገላብጣ አየችው።

«መቁረጫዬን ላምጣ» አለቻቸው። «እቤት ማን ነው የሚቆርጥልዎ?»