እሜቴ ጽጌማርያም ቤት የማያሳድሱበት ምክንያት

ብርቅዬ አንድ ነገር ካልገባት እህል የማይዋጥላት ሴት ነበረች። ቢቸና ሳለች እናቷ «ይቺ ልጅ ለምን እንዳለች ታረጃለች» እያሉ ይማረሩባት ነበር። አግብታ ከባሏ ከጥሩነህ ጋር አዲስ አበባ መጥታ ኮልፌ ቤት ስትከራይም ይኸው ጠባይዋ አብሯት መጣ።

ዘመኑ የጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ጥሩነህ ልብስ ሰፊ ነው። ገበያው ዳር ሱቅ ለመያዝ አቅሙ ስላልፈቀደ የስፌት መኪናውን የተከለው እዚያው በሚኖሩባት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ብርሃን እንዲያገኝ ከበሩ አጠገብ ነበር። ቤቷ በአንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው ከቆሙት የጭቃ ቤቶች አንዷ ናት። ሁሉም የወይዘሮ ጽጌማርያም ናቸው። ወይዘሮ ጽጌማርያም የአንድ ሟች ግራዝማች ሚስት ሲሆኑ እሳቸውም በዚያው ግቢ በር በኩል ባለው ትልቅ ቤት ይኖራሉ። ተከራዩ ሁሉ «እሜቴ» ነው የሚላቸው።

የዚያን ዓመት ክረምት ቶሎ ገባና ከበደ። የጣራው ሚስማሮች ዝገው ቀዳዳቸው ሰፍቶ ስለነበር ዝናቡ በቀጥታ የስፌት መኪናው ራስ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። የጓሮው ግድግዳ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ጠቁሮ ሆዱን ነፋ። ጥሩነህ የሰው ልብስ እንዳይበላሽበት መኪናውን ከጥግ ጥግ ሲገፋ ይውላል፤ ብርቅዬ ሳፋ ትደቅናለች፣ ትደፋለች፣ ደግሞ ትደቅናለች።

እሜቴ ወር በገባ ቁጥር በትራቸውን ይዘው ቤቶቹን ይጎበኛሉ። ብርቅዬም ያን ቀን ይዛ ጠበቀቻቸው።

«እሜቴ፣ እባክዎ ይዩልን። ይሄ ግድግዳ በላያችን ሊወድቅ ነው» አለች፣ በጣቷ ወደ ጓሮው እያመለከተች።

እሜቴ አንገታቸውን ቀና አድርገው ጣራውን አዩ። «ምን ሆነ? ደህና ቤት ነው። ግራዝማች በጽድ ማገር ያሠሩት ቤት እንዲህ በቀላሉ አይወድቅም» ብለው ወጡ።

ጎረቤቷ ከበደች ይህን ስትሰማ ሳቀች። ከበደች ከብርቅዬ ቀጥሎ ባለው ቤት ከአምና ክረምት ወዲህ የምትኖር፣ ጠላ ነጋዴ፣ ቁመተ ረጅም፣ የደስ ደስ ያላት ሴት ናት። «ልብሽን አታውልቂ» አለቻት። «ሴትዮዋ ንፉግ ናቸው። ገረዳቸውን እንኳ ያባረሩት የምትበላውን ሰስተው ነው። የእህታቸው ልጅ መኳንንት ግን ጨዋ ነው፤ ቤቱ በኔ እጅ ቢሆን ኖሮ ቆርቆሮውን ባንድ ሳምንት ባስለወጥኩላችሁ ብሎ ነግሮኛል።»

ብርቅዬ ግን መልሱ አልተዋጠላትም። ንፉግ ሰው ግድግዳ ሲያሳዩት ግድግዳውን አይቶ «ገንዘብ የለኝም» ይላል እንጂ ለምን ጣራ ያያል?

ከዚያ ወዲህ እሜቴን ልብ ብላ ማየት ጀመረች። ሰው ሰላም ካላላቸው በቀር ቀድመው ሰላም እንደማይሉ አስተዋለች። ከበደች ደጇ ላይ ዝም ብላ ቆማ ሳለ አጠገቧ ደርሰው አልፈዋት ሄዱ፤ ከበደችም ኩራት መስሏት ቀኑን ሙሉ ስታማቸው ዋለች። በሌላ ቀን ደግሞ ብርቅዬ ቤት ሲገቡ መሐል ወለሉ ላይ የተደቀነውን ሳፋ በእግራቸው መቱትና ውሃው ቀሚሳቸውን አረሰረሰው። «ማነው እዚህ ውሃ የሚያስቀምጠው?» ብለው ተቆጡ። ሳፋው ነጭ ነው፤ ወለሉ ጥቁር አፈር ነው።

የነሐሴ መባቻ ዕለት ጥርጣሬዋን ልታጣራ ቆረጠች። እሜቴ ገብተው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል።

«እሜቴ፣ ሳናስፈቅድዎ አንድ ነገር አደረግን» አለች ብርቅዬ። «ጥሩነህ የጓሮውን ግድግዳ ሰማያዊ ቀለም ቀባው። አስቀያሚ ሆነ እንዴ?»

ግድግዳው ቀለም የሚባል ነክቶት አያውቅም። እንደ ጠቆረ ነው፣ ምርጊቱ ተፈልፍሎ ማገሩ እዚህም እዚያም ይታያል። እሜቴ ፊታቸውን ወደዚያ መልሰው ጥቂት ቆዩ።

«ያምራል» አሉ። «ሰማያዊ ለዓይን ይስማማል።»

ጥሩነህ ከመኪናው ላይ ቀና ብሎ አፉን ከፍቶ ቀረ። ብርቅዬም ያሰበችው ሆኖ ሲገኝ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስታው ግን አልመጣም። ፊቷ ጋለ። እሜቴ በትራቸውን አስቀድመው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ እንደ ሁልጊዜው ወጥተው ሄዱ።

«አያዩም» አለች በሹክሹክታ። «ጥሩነህ፣ ሴትዮዋ አያዩም።»

«ታዲያ ለምን አይናገሩም?»

«እኔስ የቸገረኝ እሱ አይደል!»

የሁለቱን ቤት የሚለየው ግድግዳ ግን ሹክሹክታም አያስቀር። ከበደች ብዙም ሳትቆይ መጣች፣ ዓይኗ እያበራ። «ሰማሁ» አለች። «እንዲህ ከሆነማ ለመኳንንት እንንገረው። ቤቶቹን እሱ ይረከባል፣ እኛም ከዝናብ እንገላገላለን።»

ብርቅዬ፣ ከበደች እውነት እንዳላት ታውቃለች። የከበደች ቤትም ከሷ ቤት ባይብስ አይሻልም። ቢሆንም «እስቲ መጀመሪያ እሳቸውን ልጠይቃቸው» ብላ ለመነቻት። ከበደች ቅር እያላት እሺ አለች።

በማግስቱ፣ ረፋዱ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ብርቅዬ ወደ ትልቁ ቤት ሄደች። ከበረንዳው እስከ ማድቤቱ፣ ከማድቤቱም እስከ ሽንት ቤቱ የተወጠረ ገመድ አለ። ተከራዮቹ ሁሉ የሚያውቁት ልብስ ማስጫ ነው ብለው ነው። ያን ቀን ግን ብርቅዬ አጠገቡ ቆማ ለካችው። ከወገቧ አይበልጥም። ነጠላ ቢሰጡበት ጫፉ ጭቃ ውስጥ ነው የሚገባው። እሜቴ ገመዱን በእጃቸው እየዳበሱ ከማድቤት ሲመጡ አየቻቸው።

«እሜቴ፣ እኔ ነኝ፣ ብርቅዬ።»

እጃቸውን ከገመዱ ላይ ቶሎ አነሡ። «ምነው በደህና?»

«ትናንት ዋሽቼዎታለሁ። ግድግዳው ቀለም የለውም።»

እሜቴ በረንዳው ላይ ካለው የእንጨት ዱካ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ማን ላከሽ? መኳንንት ነው?»

«ማንም አልላከኝም። ነገሩ ስላልገባኝ ነው። ስላልኩትም ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሳፍሮኛል።»

«ዓይኔ ከደከመ ሁለተኛ ክረምቴ ነው» አሉ እሜቴ። «ብርሃንና ጥላ አያለሁ። ሰው መቆሙን አያለሁ፣ ማን መሆኑን አላውቅም። መኳንንት ይህን ያወቀ ቀን ሞግዚት ልሁን ብሎ ዳኛ ፊት ይቆማል። ቤቶቹን ሸጦ እኔን ከጓዳው ጥግ ያስቀምጠኛል። እነዚህን ቤቶች ከግራዝማች ጋር ጭቃ ረግጬ ነው ያቆምኳቸው። ገረዲቱንም የሸኘኋት ሳታውቅብኝ አትቀርም ብዬ ነው።»

«ታዲያ ቢያሳድሱት ምን ነበረበት? እኛ እዚያ ውስጥ በስብሰን አለቅን እኮ!» ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ አለ።

«አሳድሼ ነበር። አምና አንዱን ቤት አዲስ ቆርቆሮ አልብስ ብዬ ሠራተኛ አስገባሁ። አዲሱን ይዞ ሄደ፤ አሮጌውን ገልብጦ መልሶ መታው። እኔ ቆሜ እየተመለከትኩ! ተከራዩ ሲነግረኝ ምን ልበለው? አላየሁም ልበል? ከዚያ በኋላ ዕውር ከምባል ንፉግ ብባል ይሻለኛል አልኩ።»

ብርቅዬ ቁጣዋ ወዴት እንደሄደ አላወቀችም። ሙሉ በሙሉ ግን አልለቀቃትም፤ የእሜቴ ኩራት የሷን ፍራሽ ነው ያረጠበው። ትንሽ አሰበችና እጃቸውን ያዘች። «ይነሡ። በዓይንዎ ባያዩት በእጅዎ ይዩት።»

ወስዳ መዳፋቸውን የጓሮው ግድግዳ ላይ አሳረፈችው። ጭቃው በጣታቸው ሥር እንደ ገንፎ ሰመጠ። እሜቴ ደነገጡ። ጎንበስ እያሉ እስከ ታች ዳበሱት፣ ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ይሄ ከላይ የወረደ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ከሥር ነው የሚጠጣው» አሉ። «በጓሮ በኩል ግራዝማች ያስቆፈሩት ቦይ ነበር። ተደፍኖ ይሆናል።» ወደ ብርቅዬ ዞረው፣ «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ነው የምትተኙት?» አሉ።

ዝናቡ ረገብ ባለበት ሳምንት ሥራው ተጀመረ። ቦሩ የሚባል ከቡራዩ በኩል የመጣ የምርጊት ሠራተኛ ተገኘ። ጥሩነህ ቦዩን ከፈተ፣ ብርቅዬ ቆርቆሮ ሲገዛም ሲመታም አጠገቡ ቆማ አየች። እሜቴ ደግሞ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከጭቃው ቡኮ እየዘገኑ በጣታቸው መሐል ያሹታል። «ጭዱ አልበዛም፤ ጨምርበት» ይሉታል ቦሩን። ሰፈርተኛው የግራዝማች ሚስት ጭቃ ሲዘግኑ ለማየት አጥሩ ላይ ተሰበሰበ።

ከበደች ግን በሷ በኩል ያለው ጣራ እንዳፈሰሰ ነው። እሜቴ «ቀጥሎ ያንቺ ነው» ቢሏትም አላመነቻቸውም፤ እስከ ዛሬ ስንት ቃል ሰምታለች። በሦስተኛው ቀን መኳንንት አክስቱን ሊጠይቅ ሲመጣ በሩ ላይ አገኘችው። መሥሪያ ቤት የሚውል፣ ሱፍ ለባሽ ሰው ነው። ነገረችው።

መኳንንት ወደ ግቢው ገባና አክስቱ ፊት ቆመ። ሰላም አላለም፤ እጁን ብቻ ዘረጋ። እሜቴ ፊት ለፊታቸው ማን እንደቆመ ስላላወቁ ቡኮውን ማሸታቸውን ቀጠሉ። እጁ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ብርቅዬ ልትናገር አፏን ስትከፍት በዓይኑ ከለከላት።

«አክስቴ» አለ ቆይቶ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እሜቴ ድምፁን ሲሰሙ ጭቃው ከእጃቸው ወደቀ። ብርቅዬ አሁን የፍርድ ቤቱ ነገር ይነሣል ብላ ጠበቀች። መኳንንት ግን ጭቃው ላይ ተንበርክኮ የአክስቱን ፊት በሁለት እጁ ያዘና ወደ ፀሐዩ አዞረው።

«የዓይን ሞራ ነው» አለ። «የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ይኸው ነበረው። ሐኪም አነሣለት። ይኸን ሁሉ ጊዜ ለምን ደበቁኝ?»

«ቤቴን ትወስድብኛለህ ብዬ» አሉ እሜቴ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

መኳንንት ቀላ። አልካደም። «አስቤ ነበር» አለ። «አሁንም ቤቶቹ ይበዙብዎታል እላለሁ። ግን መጀመሪያ ዓይንዎ ይታይ።»

እሜቴ ሐኪም ቤት ብቻዬን ከሱ ጋር አልሄድም፣ ብርቅዬ ካልመጣች አሉ። ብርቅዬም ሄደች፤ ባይጠሯትም ኖሮ ራሷ መጠየቋ አይቀርም ነበር፤ ሞራ እንዴት እንደሚነሣ ለማወቅ ጓጉታለች። ሐኪሙ አንዱን ዓይን መስከረም ላይ ሠራው፤ ሌላው እስኪደርስ ይቆይ አለ። እሜቴ ዓይናቸው ተሸፍኖ ተኝተው ሳለ መኳንንት ስለ ቤቶቹ ሁለት ጊዜ አነሣባቸው። ሁለቱንም ጊዜ «ሳያቸው እነግርሃለሁ» ብለው መለሱት።

ወፍራም መነጽር ተገዝቶላቸው ወደ ኮልፌ የተመለሱ ዕለት ተከራዮቹ በሩ ላይ ወጥተው ተቀበሏቸው። እሜቴ ከታክሲው ወርደው ፊታቸው የተሰለፉትን ሴቶች አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ከዚያም በቀጥታ ሄደው ከበደችን አቀፉ።

«ብርቅዬዬ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከበደች የምትገባበት ጠፋት። «እኔ ከበደች ነኝ፣ እሜቴ» አለች አንገቷን ደፍታ።

«እኔ ነኝ ብርቅዬ» አለች ብርቅዬ ከጎን። አጭርና ቀጭን ናት።

«አንቺ?» እሜቴ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ከዚህች ውስጥ ነው ያ ሁሉ ድምፅ የሚወጣው? እኔ እኮ አንቺን ትልቅ ሴትዮ አድርጌ ነበር የማስብሽ!»

ከዚያ ቀና ሲሉ ቤቶቹን አዩ። ሳቁ ከፊታቸው ላይ ጠፋ። የዛገውን ጣራ፣ ያዘነበለውን በር፣ ቆዳው እንደተገፈፈ የሚመስለውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ሄዱበት። መኳንንት ሊናገር ሲል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

«የቱ ነው ያንቺ?» አሉ ከበደችን።

«ያ ነው፣ እሜቴ። ግዴለም፣ ክረምቱ አልፏል።»

«አላለፈም» አሉና በትራቸውን ለብርቅዬ ሰጥተው ቀድመው ተራመዱ። «በሩን ክፈቺልኝ።»