ከተነፋው ግድግዳ ሥር

«ላለው ይጨመርለታል» የሚሉት ነገር ስንት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። ዳገቱ ላይ ያለው ትምህርት ቤት የመንግሥት ነው፤ ከታች እኔ የማጸዳውም የመንግሥት ነው። ደንቡ ግን ወላጅ ያዋጣውን ያህል መንግሥት ይጨምራል ይላል። የላይኞቹ ባለመኪና ናቸው፤ አዋጡ፣ ተጨመረላቸው፣ ፎቅ ሠሩ። እኛ ከእጅ ወደ አፍ ነን። ባዶ ላይ ባዶ ቢጨመር ያው ባዶ ነው።

የመጨረሻዋ ልጄ የምትማርበት ክፍል ግድግዳው እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቷል። የእሷ ወንበር ደግሞ እዚያው ሥር ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር መጥረጊያዬን አስቀምጬ ጆሮዬን እለጥፍበታለሁ። ውስጡ አሸዋ ሲንሸራተት ይሰማኛል።

ርእሰ መምህራችንን ተማሪዎቹ «ጋሽ ይደርሳል» ይሏቸዋል። ስለ ግድግዳው በነገርኳቸው ቁጥር መልሳቸው ይቺው «ይደርሳል» ናት። በጀት የሚመድቡት እንግዶች ሲመጡ ግን ግድግዳውን በመጋረጃ ያስሸፍኑና እንግዶቹን ቢሯቸው ያስቀምጣሉ።

«ገመናችንን ካዩ ይዘጉናል እኮ፣ እትዬ» አሉኝ ዘንድሮም። «ያኔ ልጆቹ የት ይሄዳሉ? አንቺስ የት ትጠርጊያለሽ?»

«ከወደቀባቸውስ የት ይሄዳሉ?»

«ይደርሳል።»

«ግድግዳው ይቀድምዎታል።»

አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ፈርቻለሁ። ከሥራ ብባረር ልጄን ምን አበላታለሁ?

እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ጠዋት ክፍሉን ስከፍት፣ ሲዘንብ አድሮ፣ የልጄ ወንበር ላይ አሸዋ ተቆልሏል። ልጆቹን ከበር መልሼ ሜዳ ላይ አቆየኋቸው። ለእንግዶቹ የተሰቀለውን መጋረጃ ገንጥዬ ጣልኩት። የእንግዳ ወንበር መደርደር የእኔ ሥራ ነው፤ አምጥቼ ግድግዳው ሥር ደረደርኩት። ቢሮውን ቆልፌ ቁልፉን ጡቴ ሥር ከተትኩ።

እንግዶቹ ሲደርሱ ቢሮው ተቆልፎ ስላገኙት ወደ ክፍሉ መራኋቸው። አለቃቸው ደፍ ላይ ቆመው ወደ ላይ አዩ።

«እዚህ ነው የምንቀመጠው?»

«አዎ ጌታዬ። ልጆቻችንም የሚቀመጡት እዚሁ ነው።»

ጋሽ ይደርሳልን ላብ አጠመቃቸው። «እትዬ፣ የቢሮውን ቁልፍ አምጪ» አሉኝ ጥርሳቸውን ነክሰው።

«ይደርሳል» አልኳቸው።

ከእንግዶቹ አንድም ደፍሮ የገባ የለም። ሄጄ ልጄ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ። አሸዋው ማጅራቴ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

«እኔም ወላጅ ነኝ» አልኳቸው። «ያለኝን ይኸው አዋጣሁ። በሉ፣ እናንተም ጨምሩ።»

ጋሽ ይደርሳል «ተነሺ፣ እባክሽ ተነሺ» አሉኝ። አልተነሳሁም።