ማታ እናውራበት

ልጅቷ ደሞዟን የምታገኘው ሰው እያየች ነው። የእናቷ ጓደኞች ይህን ሲሰሙ፣ «ጉድ ነው፤ እኛ በነጻ ስናይ አይደል የኖርነው» ብለው ስቀውባታል። ሥራው ግን የእውነት ሥራ ነው። የሶፍትዌር ድርጅት ቀጥሯት ምሁራን ሲጽፉ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታያለች፤ ያየችውን ለባለሙያዎቹ ትነግራለች፤ እነሱም ፕሮግራሙን በዚያው ልክ ያስተካክላሉ። ማየት እንጂ መርዳት ክልክል ነው።

ሰሞኑን የምታያቸው ስለ ገበያ ታሪክ የሚጽፉ አንዲት ፕሮፌሰር ናቸው። መጽሐፉን ከጨረሱ ቆይተዋል። አሳታሚው፣ በጎኑ አንድም አስተያየት የሌለበት ንጹሕ ቅጂ አምጡ ብሎ ወጥሮ ይዟቸዋል። «አስተያየቶችን አጥፋ» የሚለው ቁልፍ ዐይናቸው ሥር ነው። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ፋይሉን ይከፍታሉ፣ አንዲት አንቀጽ ላይ ሲደርሱ መልሰው ይዘጉታል።

ቁልፉ አልታይ ያላቸው መሰላት። አንጀቷ አልችል አለ።

«ፕሮፌሰር፣ ይቺን ሲጫኗት እኮ ሁሉም ይጠፋል» ብላ እጇን ወደ ማውሱ ሰደደች።

ፕሮፌሰሯ እጇን ለቀም አደረጉት። አልተቆጡም። በስክሪኑ ጎን የተጻፈ አንድ አስተያየት አመለከቷት፦ «እዚህ ላይ አልስማማም። ማታ እናውራበት።»

«ባለቤቴ ነው» አሉ። «ጠዋት ጻፈው፤ ለማታ አልደረሰም፣ ነፍሱን ይማረው።»

ልጅቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«ምን ሊለኝ እንደነበር ሳላውቅ እንዴት ላጥፋው፣ የኔ ልጅ? በየጠዋቱ ‹ባነበው ባነበው ስህተቱ አልታይ አለኝ› እለዋለሁ።»

«እስቲ ለእኔ ያንብቡልኝ።»

አነበቡላት። አንቀጹ፣ ሰው በዋጋ የሚከራከረው ስለማይተማመን ነው ይላል።

ልጅቷ ፈራ ተባ አለች። «እኔም አልስማማም» አለች በመጨረሻ። «እናቴ ያላመነችውን ሻጭ አትከራከርም፤ ጥላው ነው የምትሄደው። የምትጨቃጨቀው ከደንበኛዋ ጋር ነው። አንድ ቀን ቸኩላ ዝም ብላ ብትከፍላት፣ ሴትዮዋ ‹ምነው፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?› አለቻት።»

ፕሮፌሰሯ ሳቁ። ሳቁ እዚያው ለቅሶ ሆነባቸው። «ዕድሜ ልካችንን ስንጨቃጨቅ ኖረን፣ ይቺ ትጥፋኝ?» አሉ።

ልጅቷ ወንበሯን አስጠጋች። አንቀጹን አብረው እንደ አዲስ ጻፉት። ከዚያ ፕሮፌሰሯ ከባላቸው ቃል ሥር «ተረታሁልህ» ብለው ጻፉና፣ ትንሽ ቆይተው ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑት።