የመጀመሪያው ኩባያ የእናቴ ነው

ወንድሜ ለመፍጫ ማሽኑ ገዢ ማግኘቱን የነገረን ረቡዕ ምሳ ላይ ነው። ሰውየውን ቅዳሜ ጠዋት ይዞት ይመጣል፤ ጭነው ይወስዱታል፤ በቃ። ይህን የተናገረው ለእኔና ለአክስቴ ነበር። እናቴ ግን ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ አኩሪ አተር ስትለቅም እያንዳንዷን ቃል ሰምታለች። ትሪዋን እንደያዘች ወጣች።

"ማሽኑ እግር አውጥቷል እንዴ፣ ባለቤቱ ሳትሰማ ገበያ የሚወርደው?"

ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሲያዝንም ሲናደድም ድምፁን ዝቅ ስለሚያደርግ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። "እማዬ፣ ከማሽኑና ከጤናሽ አንዱን ምረጪ።"

"ሁለቱም የእኔ ናቸው። ምን አስመረጠኝ?" አለችና ትሪዋን ከሰሃኑ አጠገብ አስቀምጣ መልቀሟን ቀጠለች።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እናቴን በጠራራ ፀሐይ ይበርዳት ጀመር። በምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ታንቀላፋለች፤ ማበጠሪያዋን ፀጉር ይሞላዋል። የደም ምርመራው አንገቷ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራውን እንዳቀዘቀዘ አሳየ። ዶክተሯ ዕድሜ ልክ በየማለዳው የምትዋጥ ትንሽ ነጭ ክኒን አዘዘችላት። በጥቂት ወራት ውስጥ እናቴ ተመልሳ እናቴን ሆነች፤ ትሮጣለች፣ ትቆጣለች፣ ቁጣዋን ሳትጨርስ ትስቃለች። ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ። መፍጫ ማሽን ገዝታ ወደ መንገዱ የሚከፈተውን ክፍላችንን የአኩሪ አተር ወተት መሸጫ አደረገችው።

ከዚያ ወዲህ ክኒኗ ሁለት ጊዜ ተጨምሮላታል። በሦስተኛው ምርመራም ውጤቱ ተበላሽቶ ለዓርብ ተቀጥራለች። ወንድሜ ቀያሽ ነው፤ መሬት ይለካል፤ ሳይለካ አይናገርም። ማሽኑ የገባበትን ቀንና ክኒኑ የተጨመረባቸውን ቀኖች በአንድ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። "ቀን አይዋሽም" ይላል። አክስቴ ወረቀት አያስፈልጋትም። ስልኳ ላይ አኩሪ አተር ዕጢ ይበላል የሚል የማታውቀው ሰው ድምፅ ደርሷት ለሰፈሩ ሁሉ አሰምታለች፤ ከደንበኞቻችን ግማሹ ቀርቷል። እናቴ ድምፁን እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ የጠየቀችው፣ ይሄ ሰውዬ ሥራ የለውም ወይ፣ ከሰው አንገት ምን ያደርጋል ብላ ብቻ ነው።

እኔ ምንም አላልኩም። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ የተማርኩት ታሪክ። ባልተማርኩት ነገር አፌን መክፈት አልወድም፤ በተማርኩትም ብዙ አልወድም። ወንድሜ "ዝምዬ" ይለኛል። ዝም አይነቅዝም እየተባለልኝ ነው ያደግኩት። ግን በዚያ ሳምንት በምሳ ሰዓት የሐኪሞችን ጽሑፍ ሳገላብጥ ነበር የምውለው። ለእናቴ መከራከሪያ ፈልጌ ለወንድሜም የሚሆን አገኘሁ፤ ስለዚህ ለሁለቱም ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ሐሙስ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቼ ወደ መሸጫው ገባሁ። ሌላ ቀን እኔ ስነሣ እሷ ሥራዋን አጋምሳለች። ላግዝሽ ብዬ ነው አልኳት፤ እውነቱን ለመናገር ግን ማሽኑን ከመሸጡ በፊት ሲሠራ ልሰማው ፈልጌ ነበር።

ውሃ ውስጥ ያደረው አኩሪ አተር አብጦ ከባልዲው አፍ ደርሷል። እናቴ ክንዷን እስከ ክርኗ አስገብታ ታሸዋለች፤ ገለባው ተንሳፍፎ ይወጣል። ማሽኑ ሲነሣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ኩባያዎች ይንጫጫሉ። የተፈጨውን በጨርቅ አጥልላ ትልቁን ድስት ጣደች። ብዙም ሳይቆይ አረፋው ተወጥሮ ወደ ድስቱ አፍ ሲነሣ፣ ፈላ ብዬ እሳቱን ላጠፋ ስል እጄን ያዘችኝ።

"አልፈላም። አኩሪ አተር ውሸታም ነው፤ ሳይፈላ ይገነፍላል። እንደ ወንድምሽ።"

አረፋውን በማማሰያ እየሰበረች ጥሬ ሽታው እስኪለቅ ድረስ አበሰለችው። በጥድፊያ አትሠራም፤ ምክንያት አላት። ሥራውን በጀመረች ሰሞን አንዲት ጎረቤት ያልበሰለ ሸጥሽልኝ፣ ሆዴን አመመኝ ብላ በር ላይ ጮኻባት ነበር። እናቴ አልተከራከረችም፤ ሕግ አወጣች። የቀኑን የመጀመሪያ ኩባያ፣ ደንበኛ እያየ፣ ራሷ ትጠጣዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጓድላ አታውቅም። ምስክሯ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ በሩ ሲከፈት ሁልጊዜ እዚያ ቆሞ ይገኛል።

"እትዬ፣ ሁለት ደቂቃ ዘግይተናል" አላት ሰዓቱን እያየ።

"ተሳፋሪ ሲነጫነጭ እርስዎ ምን ይሉት ነበር?"

"ውረድ ነበር የምለው።"

"እንግዲህ" አለችና ኩባያውን ቀዳች። ከሽርጧ ኪስ አንዲት ትንሽ ነገር አውጥታ ምላሷ ላይ አስቀመጠች። ወተቱን እስከ ታች ጨልጣ ባዶውን ኩባያ ገልብጣ ለሾፌሩ አሳየችው።

"እማዬ፣ ያ ምንድን ነው?"

"ክኒኔ ነዋ። እኔ ብረሳ ኩባያው አይረሳም።"

"ሁልጊዜ በዚህ ወተት ነው የምትውጪው?"

"በምን ልዋጠው? በእንባ?"

ሾፌሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ለወንድሜ ይሆናል ብዬ የደበቅኩት አንድ መስመር ትዝ ብሎኝ ነበር። ያ መስመር ስለ ዕጢው አልነበረም፤ ስለ ክኒኑ ነበር።

ዓርብ አብሬያት ሄድኩ። ዶክተሯ የምርመራውን ወረቀት አይታ ቅንድቧን ሰበሰበችና ክኒኑን አሁንም ልትጨምር እስክሪብቶዋን አነሣች። ይቅርታ ዶክተር አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። እናቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። ደግሜ ጀመርኩና ስለ ኩባያው ነገርኳት።

እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ሳያርፍ ቆመ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀች።

"ማሽኑ ከገባ በስምንተኛው ቀን" አለች እናቴ። "መድኃኒቴን ግን አንድ ቀን አቋርጬ አላውቅም።"

"አላቋረጡም። ከአኩሪ አተሩ ጋር ሲውጡት ግን አንጀትዎ በደንብ አይቀበለውም። እርስዎ ይውጣሉ፤ ደምዎ ጋ የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ነው።"

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠይቀውን እኔም ጠየቅኳት፤ አኩሪ አተር ራሱ ዕጢውን ይጎዳል ወይ አልኩ። አዮዲን በበቂ የሚያገኝና ዕጢው ጤነኛ የሆነ ሰው እንደ ሌላው ምግብ በልኩ ቢበላው ዕጢውን ያሳምመዋል የሚል ጠንካራ ማስረጃ አላየሁም አለች። አዮዲን የሚያንሰው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ስለዚህ የምንጠቀመው ጨው አዮዲን ያለው መሆኑን ጠየቀችን። ነው። እናቴ ክኒኗን ማታ፣ እራቷን በጊዜ በልታ ስትተኛ፣ በውሃ ብቻ እንድትውጥ፣ ወተቱንም አንድ ቀን ብዙ፣ አንድ ቀን ምንም እንዳታደርገው መከረቻት። መጠኑን አልጨመረችም። ከስምንት ሳምንት በኋላ ይታያል፤ ልቧ ያለልክ ከመታ ግን ቀኑን ሳትጠብቅ ትምጣ።

"ታዲያ ወተቱን ልተው?" አለች እናቴ፣ አገጯን ቀና አድርጋ። እሺ ለማለት እንዳልጠየቀች ያስታውቃል።

"ከክኒኑ ያርቁት አልኩ እንጂ ይተዉት መች አልኩ?"

ቤት እስክንደርስ እናቴ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።" ሦስት ጊዜ ነው ያለችው፤ በየመንገዱ ማቋረጫው።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ገዢውን ይዞ መጣ። አክስቴ ተከትላቸው ገባች። ሰውየው ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ማሽኑን ይለካ ጀመር። እናቴ የዶክተሯን ቃል ነገረቻቸው። ወንድሜ ሳያቋርጣት አዳመጠ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እሺ፣ እንዳልሽው ይሁን። ብትተዪውስ ምን ይጎዳሻል? ካልጠጣሽው ከነጭራሹ ጥያቄም አይኖርም።"

ይህ ሞኝ ያልሆነ ሰው ጥያቄ ነበር፤ ለዚህም ነው የፈራሁት። እናቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልብስ ሰፋሁ። ሲዘጉት እንዝጋ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ይሄን የምዘጋው እኔ ነኝ፤ በፈለግኩ ቀን። አንተ ስትፈራ አልዘጋም።"

"ለአንቺ ነው የምፈራው።"

"ፍራ። ፈርተህ ግን ማሽኔን አትሽጥ።"

አክስቴ ስልኳን ስታወጣ አየሁ። ያን ድምፅ እንደገና ልታሰማን ነው። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፤ የወንድሜን ወረቀት ከግድግዳው ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

"እዚህ ላይ አንድ ቀን ጎድሏል" አልኩት። ማሽኑ በገባበት ቀን ሥር የስምንተኛውን ቀን ጻፍኩ። "ክኒኑን በወተት መዋጥ የጀመረችው በዚህ ቀን ነው። ሁለቱ ቀኖች ስለተቀራረቡ አንዱ ሌላውን ጋርዶብሃል። ልኬትህ ልክ ነው። ችካሉን የተከልከው ግን የጎረቤት መሬት ላይ ነው።"

ወንድሜ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ስምንት ሳምንት ጠብቀን ባይስተካከልስ አለኝ።

"ያኔ ዶክተሯ ትናገራለች። አንተ አይደለህም። የአክስቴ ስልክም አይደለም።"

"ኧረ ይቺ ልጅ ምላስ አላት ለካ" አለች አክስቴ፣ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ እየመለሰች።

ገዢው ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ሞተሩ አንድ ነገር መጠየቅ ጀመረ። እናቴ ማሽኑን አስነሣችው። ኩባያዎቹ ተንጫጩ፤ የሰውየው አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ትንሽ ቆሞ ሜትሩን ጠቀለለና ወጣ። ወንድሜም ሳይሰናበት ተከተለው።

ስምንቱ ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። መምጣት ያቆሙት ደንበኞች አልተመለሱም። ወንድሜ በስልክ ብቻ እንዴት ናት ይለኝ ነበር፤ ለእሷ አይደውልም። እናቴ በየማለዳው የመጀመሪያውን ኩባያ ሾፌሩ ፊት ትጠጣለች፤ ክኒኗ አልጋዋ አጠገብ፣ ከውሃ ብርጭቆ ጎን ነው። እኔ ደግሞ ሳታየኝ አያታለሁ፤ ማበጠሪያዋን፣ ስትቀመጥ ዓይኗን መጨፈን አለመጨፈኗን። ዶክተሯ ብትሳሳትስ? እኔ ብሳሳትስ? በሰባተኛው ሳምንት ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይደልቅ ጀመር። ያንኑ ቀን ይዣት ሄድኩ።

ውጤቱ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ነበር። ክኒኑ አሁን በሙሉ ደሟ ውስጥ ስለሚገባ ያ ሁሉ የተጨመረው በዝቶባታል። ዶክተሯ መጠኑን ቀነሰችው። እናቴ ከምርመራ ክፍሉ እንደወጣች ወንበር እንኳ ሳትፈልግ የወንድምሽን ወረቀት አምጪ አለችኝ። ቤት ነው ያለው አልኳት። "እንግዲያው ፈጠን በይ" አለች።

ቀኑን ጽፌ ከጎኑ "ተቀነሰ" አልኩና በቦታው ለጠፍኩት።

ወንድሜ እሑድ ንጋት መጣ፤ ሾፌሩ እንኳ ገና አልደረሰም። ወረቀቱ ፊት ቆሞ እንደ ካርታ አነበበው፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ። ሲጨርስ ወደ እናቴ ዞረ። እሷ ድስቷን እያማሰለች ነበር።

"ምን ልበልሽ?" አላት።

"እኔን ተወኝ። ማሽኑን ይቅርታ ጠይቀው።"

የምትቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ጎንበስ ብሎ መዳፉን ማሽኑ ላይ አሳረፈ፤ ምን እንዳለው አልሰማሁም። ሾፌሩ በሩ ላይ ደርሶ ሰዓቱን አየና ቀድሞት የተገኘውን ወንድሜን አይቶ ቅር አለው።

አረፋው ወደ ድስቱ አፍ ተነሣ። "ፈላ" አለ ወንድሜ፣ ኩባያ እያነሣ።

"አልፈላም" አልነው እኔና እናቴ በአንድ አፍ።

ኩባያውን ከእጁ ተቀበለችው። ሲፈላ የመጀመሪያውን ለራሷ ቀዳች።